የማክሰኞ ፓትራ

ፋሲል ስልኩን የዘጋ መስሎት ኪሱ ከተተው። በዚያ በኩል፣ ዲመካ፣ ሞተር ብስክሌት አለፈ፣ የቆርቆሮ በር ተንቋቋ፣ ከዚያ የልጅ ድምፅ መጣ። «እማማ የሺ ቤት ምግብ የለም እንዴ?» አለች ልጅቷ። «አለ እንጂ እናቴ» አለች ሰኢዳ፤ ልብስ እያጣጠፈች የምትናገር ይመስላል፣ ድምፅዋ ቁጣም ንቀትም የለበትም። «ለኛ ግን አይሆንም። አክስቴ ቤት በልተን ነው የምንሄደው።» የሺሀረግ፣ ጂንካ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ማክሰኞ ለቢሮ ጉዳይ እንደሚመጣ፣ አመሻሽ ላይም ሚስቱንና ልጁን ይዞ ብቅ እንደሚል የነገራት ገና አሁን ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ መስመሩ በራሱ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጠች። ዓርብ ማታ ነበር።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። ፋሲል ሰኢዳን ሲያገባ ሃይማኖቷን ተቀብሏል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም እንደማይበላ፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይበላ ደግሞ ጂንካ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። ካገባ በኋላ መጀመሪያ የመጡ ቀን የሺሀረግ የለመደ እጇ ዶሮ ወጥ ሠርቶ ጠበቃቸው። ሙሽሮቹ ድስቱን አዩት፤ እርስ በርስ ግን አልተያዩም። ፋሲል «በልተናል እማዬ» አለና ለስላሳ ጠየቀ። ስለዚያ ድስት እናትና ልጅ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ በልተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ለስላሳቸውን ጨርሰው፣ ሰዓት አይተው ሄደዋል። ሽሮ ወይ ምስር ብታቀርብ ይበሉላት ነበር ይሆናል። ግን ከስንት ጊዜ አንዴ ለመጣ ልጅ፣ ያውም በፍስክ ቀን፣ ሽሮ ማቅረብ «ሂድልኝ» ከማለት በምን ይለያል? ስለዚህ አላቀረበችም፤ እነሱም አልጠየቁም። የልጅቷ ስም እንኳ ፀደይ የሆነው ሁለቱም ወገን ቅር እንዳይለው ተብሎ ነው፤ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ያልመጣ ስም። በስም ተስማምተዋል። በገበታ ነው ያልሆነው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣችና ቀይ አውራ ዶሮ በዘጠኝ መቶ ብር ገዛች፤ አንድ ሺህ ብለዋት ነው። ሁለት እሽግ መኮሮኒ፣ ቺዝ፣ የዳቦ ቅቤ ጨመረች። ከዕቃ ሻጮቹ ዘንድ አዲስ የፎርኖ ፓትራና አዲስ ድስት መረጠች፤ የሷ ድስቶች ሁሉ ሠላሳ ዓመት የክርስቲያን ሥጋ የተቀቀለባቸው ናቸው፣ ሰኢዳ ባትጠይቃት እንኳ እሷ ራሷ ታውቃለች። ሻጩ «እማማ፣ ልጅ ልትድሪ ነው?» አላት። «ድሬያለሁ» አለችው። ዶሮውን ሦስት ሌሊት ከጓዳው በር አስራ አሳደረችው፤ ሌሊት ሲጮህ ትነቃና፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነፍስ ያለ ይመስላት ነበር።

ማክሰኞ ጧት ቅዳሴ ባይኖርም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልማ ተመለሰች። ያሰበችውን ለንስሐ አባቷ አልነገረችም፤ እሷ እስካልበላችው ድረስ ኃጢአቱ የቱ ጋ እንደሆነ አልታያትም። ሦስት ሰዓት ላይ ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥላ ወጣች። ሴት ዶሮ አታርድም። ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ በየበዓሉ የሚያርዱላት ጎረቤቷ አባባ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዘበኛ፣ በራፋቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ። ዶሮውን ሲያዩ ወዲያው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«ዛሬ ምን በዓል ነው የሺ? ቀን ጠፋብኝ እንዴ?»

«በዓል አይደለም አባባ።»

«ይሁን፣ ዶሮ በዓል አይጠብቅም። ቆይ ቢላዋዬን ላምጣ።»

«ይቀመጡ አባባ። ለነፋሲል ነው። የእርስዎ እጅ... ዛሬ አይሆንም።»

ሽማግሌው ተነስተው ነበርና ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስንት ጥምቀት፣ ስንት ፋሲካ ያረደላት እጅ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። እጅጌያቸውን አንድ በአንድ አወረዱ። «ነስረዲን ጋ ነው?» አሉ። «አዎ።» «ታዲያ አንቺ ምን ልትበዪ ነው?» የሺሀረግ ዓርብ ከሰማችው ጀምሮ እነሱ የሚበሉትን ብቻ ነው ያሰበችው። «እኔማ ምን ይቸግረኛል» አለች። «እንኳንም እዚህ አልታረደ» አሉ አባባ ገብረ ማርያም ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ዝንቡ ይበዛ ነበር።» ሊያስቁ ብለው ነው፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ነስረዲን ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከስልጤ መጥቶ ጂንካ ያረጀ ነጋዴ ነው። ስኳርና ሳሙና ስትገዛው ኖራለች፤ ዶሮ ይዛ መጥታ ግን አታውቅም። «እትዬ የሺ! ዶሮሽ መንገድ አሳተሽ እንዴ?» ብሎ ጀመረ። ነገሩን ስትነግረው ቀልዱን ተወ። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ስኳር ለገዢው ሰጥቶ ሸኘና፣ ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ ታጥቦ፣ የራሱን ቢላዋ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ዶሮውን ወደ ቂብላ አዞረው። የሺሀረግ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች፤ «ቢስሚላህ» ሲል ሰማች፣ እሷም በልቧ የራሷን አለች። ሂሳብ ስትጠይቀው «ሂጂ ወዲያ» አላት። «ልጅሽ ይብላልሽ። ደግሞ እናንተ ሴቶች ጨው ታበዛላችሁ፣ አደራ።»

ዶሮውን በፈላ ውሃ ነክራ ነጨችው፣ ለበለበችው፣ በጨውና በሎሚ አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ። አስራ ሁለት ቦታ አልበለተችውም። በሕይወቷ ዶሮ ሳትበልት የምትቀቅለው ለፓስታ አልፎርኖ ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በነበረ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ፈረንጆቹ ከሐመርና ከበና አቧራ ለብሰው ሲመለሱ፣ ማክሰኞ ማታ የሚቀርበው አልፎርኖ ነበር፤ ቀላል ስለሆነ። ዶሮው ይቀቀላል፣ ሥጋው በጣት ይፈለቀቃል፣ መኮሮኒው ዶሮው በተቀቀለበት መረቅ ይነፍራል፣ ነጩ ሶስ ይፈስበታል፣ ቺዝ ይነሰነስበታል፣ ፎርኖ ይገባል። አንድ ፓትራ፣ አንድ እሳት፣ ሁሉም ሰው። በአልፎርኖ ላይ ፈረሰኛ የሚባል የለም፤ ይህ የአባወራ፣ ያ የእንግዳ ተብሎ የሚወጣ የለም፤ ማንኪያው የዛቀው ለደረሰው ነው። ሁልጊዜ ግን ጥጉ፣ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ያረረው፣ ይቀር ነበር። እሱን በወረቀት ጠቅልላ ለፋሲል ታመጣለታለች። ማክሰኞን በዚያ ጥግ ነው ለይቶ ያወቃት።

ሥጋውን ከአጥንቱ ስትፈለቅቅ ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ጓሮ ያሉት ተከራዮቿ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይመጣል። ከደረቱ ላይ የወጣው ሥጋ ለስላሳ ነው፣ ሙቀቱ ጣቷን ያቃጥላል፣ ስቡ እስከ ክርኗ ወርዷል። ምን እንዳሰበች አታውቅም፤ ጣቷ ከንፈሯ ጋ ደርሷል። ልክ እንደዚያ፣ ሠላሳ ዓመት እንደለመደው፣ ሊላስ። ከንፈሯን ሳይነካ አቆመችው። እጇን ከፊቷ አርቃ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። ከዚያ ተነስታ በሳሙና ታጠበች፣ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ከንፈሯን እንደ ነከሰች የቀረውን ፈለቀቀች።

ሶሱ አልጓጎለም። ቅቤው ቀልጦ ዱቄቱ ሲገባ፣ ወተቱ ቀስ እያለ ሲጨመር፣ እጇ ምንም አልረሳም፤ ቁንዶ በርበሬውን በማሽተት አወቀችው። ጨው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጨው ሽታ የለውም። ዶሮውን በጨው አጥባዋለች፣ ምን ያህሉ እንደቀረ አይታወቅም፤ ቺዙም የራሱ ጨው አለው፤ መረቁ ላይ ጣል አድርጋ ይሆን? አድርገሻል የምትል እጅ አለች፣ አላደረግሽም የምትል ልብ አለች። የእንግዳ ማረፊያው ውስጥ በዐቢይ ጾም እንዲህ ስትሆን ሩቲ ነበረች፤ ዕቃ አጣቢዋ፣ ጾም የማይመለከታት ጴንጤ። «ሩቲ፣ አፍሽን አምጪ» ትላታለች፤ ሩቲ ትቀምስና «ትንሽ ቀርቶታል» ወይ «እትዬ የሺ፣ ገደልሽን» ትላለች። ሩቲ አርባ ምንጭ ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል። የሺሀረግ አጥሩ ጋ ወጥታ ወደ ነስረዲን ሱቅ አየች፤ ተዘግቷል፣ ለቅሶ ወጥቷል አሉ። ማንኪያውን ይዛ ጥቂት ቆመች። የሚቀምስላት ሰው ስትፈልግ ያን ያህል ሰው እንደሌላት ያየችው ያኔ ነው። ከዚያ የወጥ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አሰበች፦ የጎደለ ይጨመራል፣ የበዛ አይወጣም። የጨው ዕቃውን ከደነችው።

አስር ሰዓት ላይ ፓትራውን በፎጣ ሸፍና ጸጋዬ ዳቦ ቤት ደረሰች። ጸጋዬ የጎፋ ሰው ነው፤ የከሰዓቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ፎርኖው እሳቱ ጠፍቶ ሙቀቱ ይቀራል፤ ለአልፎርኖ የሚሆነው እሱ ነው። «እትዬ የሺ! በማክሰኞ ደግሞ የምን ገና ነው?» አላት፣ ፊቱ ዱቄት እንደለበሰ። ግማሽ ሰዓት እዚያው፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሲያወጣው ላዩ ወርቃማ ሆኗል፣ ጠርዙ ይንተከተካል፣ ጥጎቹ አርረዋል። ጸጋዬ ማንኪያ ይዞ መጣ። «ጋጋሪ ድርሻ አለው አይደል?» የሺሀረግ ፊቷ በራ። «ቅመስልኝ እስኪ፣ ጨዉን ንገረኝ።» ማንኪያው ሊገባ ሲል «ማነው ያረደው?» አለ፣ እንዲያው ለጨዋታ። «ነስረዲን።» ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «አይ... እኔስ ግድ አልነበረኝም» አለ፤ ማንኪያውን ሽርጡ ላይ ጠረገ። «ባለቤቴ ከሰማች ግን የሳምንት ጸሎት ነው የሚወጣብኝ።» ሳቀ። እሷም ሳቀችለት። አራት ትኩስ ዳቦ ገዝታ፣ ፓትራውን ታቅፋ ተመለሰች።

አስራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል መጡ። ፋሲል ወፍሯል፤ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ አባቱም እንደዚያ ነበር። ሰኢዳ ጉልበቷን ልትስም ዝቅ አለች፣ የሺሀረግ ትከሻዋን ይዛ አስቀረቻት። ፀደይ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ መንገዱ ተነጋገሩ፤ ቢሮ ውስጥ ፋይል ጠፋ ስለተባለው፤ ስለ ዲመካ የከብት ዋጋ፤ ስለ ዝናቡ። ወሬው አለቀ። ፋሲል እጁን አሻሸ። «እኛ በልተን ነው የመጣነው እማዬ፣ አትቸገሪ» አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ፣ በፎጣ የተሸፈነው ላይ ቆመ።

የሺሀረግ ይህን ዓረፍተ ነገር ከቅዳሜ ጀምሮ ስትለማመደው ሰንብታለች፤ ረጅም ነበር፣ ማብራሪያም ነበረበት። የወጣው ግን አጭር ሆነ። «ነስረዲን ነው ያረደው» አለች። «ድስቱም ፓትራውም አዲስ ነው።»

የጎረቤት ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያወራል። ሰኢዳ ባሏን አላየችም፤ አማቷን አየች፣ ፎጣውን አየች፣ ከዚያ ከሶፋው ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ ብላ ጀርባዋን ደገፍ አደረገች። «አክስቴ ቤት የቀመስነው ትንሽ ነው» አለች። «እርቦኛል።»

የሺሀረግ ፎጣውን ገልጣ አወጣች። ለፀደይ ከመሀል፣ ለሰኢዳ ከመሀል። ለፋሲል ግን ማንኪያውን ወደ ጠርዙ ወስዳ ያረረውን ጥግ ፈልቅቃ ሰጠችው። ሳህኑን ተቀብሎ አየው፤ ከዚያ አቀርቅሮ መብላት ጀመረ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደመጣለት፣ ሰው እንዳይቀማው እንደሚፈራ ልጅ። ሰባት ዓመት ከዚህ ቤት ያልበላ ልጅ ይበላል። የሺሀረግ ለራሷ የቆረሰችውን ዳቦ ይዛ፣ ሳትበላ፣ ሲያኝክ አየችው።

«ጨው የለውም» አለች ፀደይ።

«ብዪ ዝም ብለሽ!» አለ አባቷ።

«የለውም እኮ!»

«እማዬ» አለ ፋሲል እየሳቀ፣ አፉ እንደሞላ፣ «ምነው፣ አልቀመስሽውም እ...» ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። የያዘውን ዋጠ። እናቱ እጅ ላይ ዳቦ ብቻ እንዳለ ያየው አሁን ነው። ጧት ዶሮውን ይዛ ወደ ማን እንደሄደች፣ የማን ደጅ እንዳለፈች፣ ሙሉ ቀን አፏን ዘግታ ምን ስትሠራ እንደዋለች ሁሉ ከዚያ ከጎደለው ጨው ተነበበለት። ፋሲል ወለሉን አየ። የሺሀረግ «አነሰ እንዴ? ቆዩ ላምጣ» ብላ ልትነሳ ስትል ሰኢዳ ቀድማት ተነሳች። «ይቀመጡ እማማ። እኔ አመጣለሁ።»

ጓዳ ገባች። የት እንዳለ አልጠየቀችም። የሺሀረግ ተቀምጣ አዳመጠች፤ አንድ ክዳን ተከፈተ፣ በርበሬ ነው፣ ተከደነ፤ ሌላ ተከፈተ፣ ስኳር ነው፣ ተከደነ። ማንኪያ ወደቀ። በዚያ ጓዳ ውስጥ ከሷ ሌላ ሰው ዕቃ ሲነካካ ከሰማች ቆይታለች። ጨዉ ቶሎ ባይገኝ አለች በልቧ።

ሰኢዳ ጨዉን በትንሽ ሳህን አምጥታ መሀል አስቀመጠችው። ሦስቱም ነሰነሱ፤ ሦስቱም በሉ። ፀደይ ሁለተኛ ጠየቀች። ሁለተኛውን ስትጀምር ቀና አለችና ሴት አያቷን አየቻት። «አንቺስ እማማ የሺ?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ መኮሮኒውን ከነሥጋው በጣቶቿ ጠቅልላ፣ ተንጠራርታ፣ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጉርሻ አይመለስም። የሺሀረግ ትንሿን እጅ አየች፤ ሶሱ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። እድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ሕግ በአንድ በኩል፣ የተዘረጋ የልጅ እጅ በሌላ በኩል። ፋሲል ቀና አላለም። ያን ጊዜ ሰኢዳ የልጇን የእጅ አንጓ ቀስ አድርጋ ያዘች።

«ለእማማ የሺ አይሆንም እናቴ» አለች። ዓርብ በስልክ የተሰማው ድምፅ ነበር፤ ቁጣም ንቀትም የሌለበት።

ፀደይ አሰበች። ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው፣ እያኘከች ገበታውን ቃኘች። ከዚያ ከዳቦው ቆረሰች፣ ጨዉ ላይ ጠቀሰችው፣ ደግማ ጠቀሰችው፣ ወደ እናቷ ዞራ «ይሄስ?» አለች።

«እሱ ይሆናል» አለች ሰኢዳ።

የሺሀረግ አፏን ከፈተች። ጨዉ በዝቶ ነበር።

አንድ ሰዓት ሲል ባጃጅ ደጅ ላይ ጥሩንባ ነፋ። የሰኢዳ አክስት ቤት ነው የሚያድሩት፤ ጧት ወደ ዲመካ። የሺሀረግ የተረፈውን የምታደርግበት ፌስታል ስትፈልግ፣ ሰኢዳ ፓትራውን ራሱን በፎጣ ጠቅልላ አነሳችው። «እሱ እኮ እዚህ እንዲቀመጥ ነው» አለች የሺሀረግ፤ «ስትመጡ ጊዜ እንድሠራበት።» «እመልሰዋለሁ እማማ» አለች ሰኢዳ። ፋሲል ሲሰናበታት አንገቷ ላይ ቆየ፤ «ጥጉ ደህና ነበር» ብቻ አለ። የባጃጁ መብራት ዞሮ ጠፋ።

ሳህኖቹን አጠበች። ከአጥሩ ወዲያ ሳል ተሰማ፣ ከዚያም የአባባ ገብረ ማርያም ድምፅ፦ «የሺ! በሉ?»

«በሉ አባባ!»

«እሰይ።» በራቸው ተዘጋ።

ቤቱ እንደ ወትሮው ሆነ። የቀረውን ዳቦ በጨው በላች፤ ከፀደይ ጉርሻ በቀር ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልቀመሰች ያወቀችው ያኔ ነው። ዕቃ ባዶውን ወደመጣበት ቤት አይመለስም፤ ይህን ዲመካም ያውቁታል። ሰኢዳ ምን አድርጋበት ትመልስ ይሆን? ሥጋ አይሆንም። ማር ይሆናል። የዲመካ ማር፣ ወይ ማሽላ፣ ወይ ደግሞ ሰው ያላሰበው ነገር። ሦስት ወር ይፈጅ ይሆናል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሳህኖቹን ስትደረድር መደርደሪያው ጠበባት፤ ድስቱን ወለል ላይ አስቀመጠችው። የፓትራውን ቦታ ግን በጨርቅ ወልውላ ባዶውን ተወችው።